አዲስ ሶፍትዌርና አሮጌ ዲስኬት
(በሙያ ማኅበራችን ዓመታዊ ጉባኤ በጎሬ ከተማ የቀረበ ንግግር)




ስለ አዳዲስ የኮምፒዩተር ሶፍትዌሮች እንድናገር በመጋበዜ ደስታዬ ከፍ ያለ ነው። ነገሩ ከሥራ ሰዓት ውጭም የማይለቀኝ፣ ዜናውን ሳላነብ የማላድርበት ጉዳይ መሆኑን የሚያውቁኝ ሁሉ ያውቃሉና። ይሁን እንጂ የዚህ ዜና አጻጻፍ ዘወትር ቅር ያሰኘኛል። ይህ ፈጠነ፣ ያ ተዋበ፣ ያኛው ደግሞ እንደ ሰው መልስ ይሰጣል እየተባለ ውዳሴው ይዘረዘራል። መዝገብ ጠባቂ የሆነ ሰው አስቀድሞ የሚጠይቀው ጥያቄ ግን ከውዳሴው መካከል አይገኝም፤ ይኸውም «ዛሬ የጻፍኩትን ከሃያ ዓመት በኋላ ይከፍትልኛልን?» የሚለው ነው።

ጥያቄው ለጎሬ እንግዳ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1936 አዲስ አበባ በጠላት እጅ ስትወድቅ የጊዜያዊ መንግሥት መቀመጫ የሆነችው ይህች ከተማ ነበረች። እ.ኤ.አ. በ1978 ደግሞ የኢሉባቦር ዋና ከተማነት ከጎሬ ወደ መቱ ተዛወረ። የወረቀት መዝገብ እንዲህ ያለውን ዝውውር ይችለዋል፤ በጭነት መኪና ቢሄድ፣ አቧራ ቢጠጣ፣ ጠርዙ ቢበላ እንኳ ፊደል የቆጠረ ሁሉ ያነበዋል። በኮምፒዩተር የተጻፈ አማርኛ ግን ከአንድ ጠረጴዛ ወደ ቀጣዩ ጠረጴዛ ሲሻገር ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደልና ምልክት ክምር ሆኖ ሊወጣ ይችላል።

ምክንያቱን ላስረዳ። ኮምፒዩተር ፊደል አያውቅም፤ የሚያውቀው ቁጥር ነው። እያንዳንዱ ፊደል በቁጥር የተለየ መቀመጫ ይሰጠዋል። የጥንቱ ሠንጠረዥ 128 መቀመጫ ነበረው፤ ሲሰፋ 256 ሆነ፤ የመጀመሪያዎቹም በእንግሊዝኛ ፊደላትና በትእዛዛት ተይዘዋል። የእኛ 33 ሆሄያት በሰባት ሲባዙ 231 ይሆናሉ፤ እነ ሏን፣ ቧንና ኳን፣ እንዲሁም ቁጥሮቻችንንና ሥርዓተ ነጥቦቻችንን ስንጨምርባቸው ሠንጠረዡ ባዶ ቢሆን እንኳ አይበቃቸውም።

ኢንጂነር አያና ብሩ የአማርኛውን የጽሕፈት መኪና ሲያዘጋጁ የገጠማቸው ጭንቅ ከዚሁ የሚዛመድ ነው፤ ጥቂት ቁልፎች፣ ብዙ ፊደላት። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ እንደ ዶክተር አበራ ሞላ ያሉ ባለሙያዎች ፊደላችንን ወደ ኮምፒዩተር ሲያስገቡም ይኸው ጭንቅ ጠበቃቸው። ከዚያ በኋላ የመጡት ልዩ ልዩ ፕሮግራሞች ፊደላቱን በላቲን መቀመጫዎች ላይ አስቀመጧቸው። አንዳንዱ ለሁለትና ለሦስት ፎንት ከፈላቸው፤ አንዳንዱም የፊደሉን አካልና ቅጥያውን ለየብቻ አድርጎ በላዩ ላይ ደረበ። ሥራቸውን አደንቃለሁ፤ ያለ እነርሱ ያን ዘመን በእንግሊዝኛ ብቻ ባሳለፍነው ነበር። ሆኖም እያንዳንዱ የራሱን አቀማመጥ ስለ ተከተለ፣ በአንዱ የተጻፈው በሌላው አይነበብም።

መፍትሔው የተገኘው ዩኒኮድ በተባለው ዓለም አቀፍ ሠንጠረዥ ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣው 3.0 እትም ለግዕዝ ፊደል 345 የራሱ መቀመጫዎች ሰጠው። እ.ኤ.አ. በ2007 ለገበያ የዋለው ዊንዶውስ ቪስታ ደግሞ ኒያላ የተባለውን የግዕዝ ፎንት ይዞ መጣ። ፍጥነት የለው፣ ጌጥ የለው፤ እኔ ግን ካነበብኳቸው የቴክኖሎጂ ዜናዎች ሁሉ ይህን አስበልጣለሁ።

በዚህ አካባቢ ነገሩ ሌላም ገጽታ አለው። እ.ኤ.አ. ከ1991 በኋላ አፋን ኦሮሞ በቁቤ የትምህርትና የመሥሪያ ቤት ጽሑፍ ሆነ። የቁቤ ፊደላት ከላቲኑ የመጀመሪያ መቀመጫዎች ስለሆኑ በዚያ ዘመን በአፋን ኦሮሞ የተጻፈ ደብዳቤ ዛሬም ይነበባል። በዚያው ኮምፒዩተር፣ በዚያው ጸሐፊ እጅ፣ በዚያው ዲስኬት ላይ የሰፈረው የዕድር መተዳደሪያ ደንብ ወይም የቡና ነጋዴው የአማርኛ ውል ግን የጠፋ ያህል ነው። ቁቤም ቢሆን ፈተና አላጣም፤ እንግሊዝኛ ብቻ የሚያውቅ ሶፍትዌር የአፋን ኦሮሞን ገጽ ከላይ እስከ ታች በቀይ ያሰምርበታል።

አሁን ደግሞ የሰው ሠራሽ አስተውሎት ወሬ ሁሉን ሸፍኗል። ቻትጂፒቲ እ.ኤ.አ. በኅዳር 2022 ከቀረበ ወዲህ ደጋግሜ ፈትኜዋለሁ፤ ደስታዬንም አልደብቅም። የጉግል ትርጉም አማርኛን እ.ኤ.አ. በ2016፣ አፋን ኦሮሞን በ2022 መቀበሉም መልካም ነው። ነገር ግን ዩኒኮድ በብዛት በሚጻፍበት ስልት አንድ የእንግሊዝኛ ፊደል አንድ ባይት ሲይዝ፣ አንድ የግዕዝ ፊደል ሦስት ባይት ይይዛል፤ «ሰላም» ብቻውን ዘጠኝ ነው። እነዚህ አዳዲስ ሥርዓቶች ጽሑፍን በቁራጭ እየቆጠሩ ስለሚሠሩና ስለሚያስከፍሉ፣ አማርኛው ብዙ ጊዜ ከእንግሊዝኛው ይልቅ ይቆራረጣል፣ ዋጋውም ይንራል። ይህን በውዳሴው ዜና ውስጥ ፈልጉት፤ እምብዛም አታገኙትም።

ስለዚህ አዲስ ፕሮግራም ሲመጣልኝ የማደርገውን ልንገራችሁ። «ኃይሉ» ብዬ እጽፍና «ሀይሉ» ብዬ እፈልገዋለሁ። ብዙው አያገኘውም፤ ለእርሱ ሁለት ሰዎች ናቸው። በወረቀቱ ዘመን መዝገብ ቤቱ ሰውዬውን በአባቱ፣ በአያቱ ስም አጣርቶ ያወጣው ነበር። ማሽኑ ግን «የለም» ካለ፣ በመስኮቱ በኩል የቆመው ባለጉዳይ የርስት ወይም የጡረታ ማስረጃውን አጥቶ ይመለሳል። ሻጩ ስለ ፍጥነቱ ሲያወራ እኔ ስለ ሀ፣ ሐ እና ኀ እጠይቃለሁ፤ አንዳንዱ ይስቅብኛል።

አሮጌ ዲስኬት ያላችሁ አታቆዩ። መግነጢሱ ይደክማል፤ የሚያነበውም መሣሪያ እየጠፋ ነው። ጽሑፉ የተጻፈበት ፎንት ስም ከታወቀ ወደ ዩኒኮድ መመለስ ይቻላል፤ ስሙ ካልታወቀ ግን ሥራው እንደ እንቆቅልሽ ነው። በዚያ ዘመን የታተመ አንድ ገጽ እንኳ ቢገኝ ከፋይሉ ጋር እያስተያየን አቀማመጡን ልናወጣ እንችላለን። የመጀመሪያውን ፋይል ግን አትሰርዙት።

ዛሬ ከሰዓት በኋላ በዘጠኝ ሰዓት በዚሁ አዳራሽ ዲስኬት የሚያነብ መሣሪያ ይዤ እቀመጣለሁ። ያላችሁን አምጡ፤ የፎንቱን ስም የሚያስታውስ የቀድሞ ጸሐፊ በጎሬም ሆነ በመቱ ካለም አብራችሁ ጥሩልኝ።