ዐጥሩ የተሰወረበት የአራዊት ሥፍራ

(በትምህርት ቤቱ በዓል ቀን የተሰማ ንግግር)



በኒው ዮርክ ከተማ፥ ብሮንክስ በሚባለው ክፍል የሚገኘውን ታላቅ የአራዊት ሥፍራ ለመጎብኘት ዕድል ስላገኘን፥ ካየነውና ከተማርነው ጥቂቱን ልናካፍላችሁ እንወዳለን። ዓመቶቹን የምንጠራው በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆኑን አስቀድመን እናስታውቃለን።

ይህ ሥፍራ የተከፈተው በ1899 ነው። ስፋቱ 265 ኤከር ሲሆን፥ በዱሮው የአገራችን ልክ ከሁለት ጋሻ ተኩል ይበልጣል። ቀድሞ በየአገሩ አራዊት በብረት ፍርግርግ ውስጥ ታስረው፥ ሕዝብ በፊታቸው እያለፈ ያያቸው ነበር። ይህን ልማድ ከለወጡት ሰዎች አንዱ ጀርመናዊው ካርል ሃገንቤክ ነው፤ በ1907 በሐምቡርግ አጠገብ በከፈተው ሥፍራ በፍርግርግ ፈንታ ጥልቅ ቦይ አስቆፈረ። ቦዩ ከተመልካች ዓይን የተሰወረ ስለሆነ፥ አንበሳው ከአጋዘኑ ጋር በአንድ መስክ የሚኖር ይመስላል። በብሮንክስም በ1941 «የአፍሪካ ሜዳ» የተባለው ክፍል በዚሁ ዘዴ ተሠራ። ሆኖም ዐጥሩ ተሰወረ እንጂ አልጠፋም።

ከሁሉ ይልቅ ልባችንን የነካው በ1990 የተከፈተው የጭላዳ ዝንጀሮ ክፍል ነው። የአገራችንን ደጋ እንዲመስል ድንጋዩ ተቆልሎ፥ ገደሉ ተሠርቶ፥ ሣር በቅሎበታል። ጭላዳ በዱር የሚገኘው በኢትዮጵያ ደጋ ብቻ ነው፤ ከዝንጀሮ ወገንም ሣርን ዋና ምግቡ ያደረገ እርሱ ብቻ ነው። ቀን በመስክ ተቀምጦ ሣሩን በጣቱ ይነጫል፤ ሌሊት ከአውሬ ለመዳን በገደል ላይ ያድራል። ስለዚህ ጭላዳን ከነጠባዩ ለማኖር የፈለጉት ሰዎች ተራራ መሥራት ግድ ሆነባቸው። ከእኛ ብዙዎቻችን ጭላዳን በዓይናችን ያየነው በዚያ ቀን ነው፤ የአገራችንን እንስሳ ለማየት ውቅያኖስ መሻገራችን እጅግ አሳሰበን።

ይህ ሥፍራ ግን የሚያሳፍር ታሪክም አለው። በ1906 ኦታ ቤንጋ የተባለውን የኮንጎ ሰው በጦጣዎቹ ቤት ለሕዝብ መታያ አድርገውት ነበር። የከተማው ጥቁሮች ቀሳውስት አጥብቀው ስለተቃወሙ ከዚያ ወጣ፤ አስተዳዳሪው ማኅበር ይቅርታ የጠየቀው ግን በ2020 ነው። ከዚያው ሥፍራ በ1907፥ ሊጠፋ ከተቃረበው ባይሰን ከተባለው የአሜሪካ ጎሽ 15 ተመርጠው ወደ ኦክላሆማ ተላኩ፤ ዘራቸውም እስከ ዛሬ በዚያ ይኖራል። በአንድ ዓመት ልዩነት በአንድ ሥፍራ ሰው ተዋረደ፥ አውሬ ዳነ። ስለዚህ የሥፍራው ማማር ብቻ ለፍርድ አይበቃም፤ ፍጥረቱ ለምን እንደተያዘና መጨረሻው ወዴት እንደሆነ መጠየቅ ይገባል። ባይሰኑም የዳነው በሥፍራው ስለተመገበ ብቻ ሳይሆን፥ የሚመለስበት መስክ ስለተከለለለት ነው።

ታዲያ የጭላዳው መስክ የት ነው? በእኛው አገር ነው። የመንዝ ሕዝብ የጓሳን መስክ ከ300 ዓመት በላይ በራሱ ሥርዓት ሲጠብቅ ኖሯል። ሣሩን ለዓመታት እየዘጋ፥ ችግር በመጣ ጊዜ ለከብቱ ይከፍተው፥ ለቤቱም ክዳን ያጭደው ነበር። ሥርዓቱ በ1975 የመሬት አዋጅ ምክንያት ቢፈርስም፥ ሕዝቡ በኋላ ጥበቃውን አድሷል። በዚያ መስክ ጭላዳና ቀይ ቀበሮ ይኖራሉ። ገበሬው ከመስኩ ስለሚጠቀም ይጠብቀዋል፤ ስለሚጠብቀውም አራዊቱ ይተርፋሉ።

ውድ ጓደኞቻችን፥ በሰው አገር የተሠራውን ተራራ ማድነቅ መልካም ነው፤ ነገር ግን የእኛ ደጋ አንድ ጊዜ ታርሶ ካለቀ፥ ድንጋይ በመቆለል አይመለስም። እኛ በዚህ ዓመት ትምህርታችንን ፈጽመን እንለያችኋለን። ለምትከተሉን የምናቀርበው ምክር፥ የሚመጣው የትምህርት ጉዟችሁ ወደ ጓሳ ይሁን የሚል ነው። ጭላዳውን ተመልከቱ፤ መስኩን የሚጠብቀውንም ገበሬ ጠይቁ።