ስኳር ድንችን በቤት ውስጥ ለጌጥና ለዘር ስለ ማብቀል



በአዲስ አበባ፣ በመርካቶ ውስጥ፣ ሶማሌ ተራ የሚባለው ሰፈር የመኪና መለዋወጫ የሚሸጥበት ነው። ገበያውን ለአገሬው ሰው ብለው ከአራዳ ወደ መርካቶ ያዛወሩት ጣሊያኖች ናቸው፤ ይኸውም ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በነበረው የወረራ ዘመን ነው። ዛሬ በሶማሌ ተራ ብረት በብረት ላይ ተደራርቦ ይታያል እንጂ ለአትክልት የሚሆን ስንዝር መሬት ማግኘት ጭንቅ ነው። በዚያ የሚያድግ ሕፃን የሞተሩን ክፍል በየስሙ ያውቅ ይሆናል፤ ሥር ከምን እንደሚወጣ ግን ላያይ ይችላል። ቢሆንም መስኮት፣ ውሃና አንድ ስኳር ድንች ያለው ሰው በዚያም ስፍራ ለምለም ሐረግ ለማሳደግ ይችላል። መሬት የሌለው ይህን ከቻለ፣ ግቢ ያለው የገጠር ትምህርት ቤትማ እንዴት ይልቅ አይችልም!

ሥራው እንዲህ ነው። ያልቈሰለ፣ ያልበሰበሰ፣ ማቈጥቈጥ የጀመረ ስኳር ድንች ይመረጣል። በወገቡ ዙሪያ ሦስት ወይም አራት ስንጥር ይሰካበትና ስንጥሮቹ በብርጭቆ አፍ ላይ ያርፋሉ። ከሐረጉ የተቈረጠበት ጫፍ ወደ ላይ ይሆናል፤ የታችኛው እኩሌታ በውሃ ውስጥ ይቆማል። ብርጭቆ ከጣሳ የሚመረጠው ሕፃናቱ ሥሩን እንዲያዩበት ነው። ውሃው በየሦስት ቀን ይለወጣል፤ አለዚያ ይሸታል፣ ትንኝም ይራባበታል። ተክሉ ብርድን አይችልምና በደጋ አገር ፀሐይ ከሚገባበት መስኮት አጠገብ ይቀመጣል። በጥቂት ሳምንት ውስጥ ሥሩ ወደ ታች፣ ቅጠሉ ወደ ላይ ይወጣል፤ ሐረጉም በገመድ ይመራል።

ከሽማግሌዎች አንዱ «የሚበላውን ለጌጥ ማዋል ጥጋብ ነው» ቢል ተግሣጹ ይገባል። ስኳር ድንች በወላይታና በሲዳማ፣ ሚጣጢስ በሚሉትም በሐረርጌ፣ ብዙ ቤተ ሰብ ክፉውን ጊዜ የሚሻገርበት ምግብ ነው። ነገር ግን ገበሬው የሚተክለው የሐረጉን ቊራጭ ነው። በጋው ሲረዝም ሐረጉ በማሳው ላይ ይደርቃል፤ ዝናብ ሲመጣም መሬቱ ተዘጋጅቶ ሳለ የሚተከል ይጠፋል። በመስኮት የቆየው ሐረግ ግን ያን ጊዜ ዘር ይሆናል። ስንዝር ተኩል ያህል እየተቈረጠ ውሃ በማይጠፋበት መደብ ላይ ይተከላል፤ ሲያድግም ከእርሱ ደግሞ ሌላ ይቈረጣል። የአንድ ብርጭቆ ሐረግ ማሳ አይሞላም፤ ከዘር ማጣት ግን ያድናል።

የሚተከለውን ለመምረጥ የተቻለ እንደ ሆነ ውስጡ ብርቱካን የሚመስለው ይሻላል። ሰውነት ወደ ቪታሚን ኤ የሚለውጠው ነገር ስላለበት ሕፃናትን ከዳፍንት ይጠብቃል። ደግሞም የስኳር ድንች ለጋ ቅጠል ተቀቅሎ ይበላል፤ የተራው ድንች ቅጠል ግን መርዝ አለበት። ስማቸው ቢቀራረብም ወገናቸው ልዩ ነውና ሕፃናት እንዳይሳሳቱ አስቀድሞ ማስተማር ያስፈልጋል።

እንግዲህ መምህሩ አንዱን ብርጭቆ በክፍሉ መስኮት ላይ ያኑር። ተማሪዎቹ በየሳምንቱ ሐረጉን ለክተው በደብተራቸው ይጻፉ፤ ክረምት ሲቃረብም እያንዳንዱ አንድ ቊራጭ ይዞ ወደ አባቱ ጓሮ ይሂድ። በበጋ ዐይንን ደስ ያሰኘው ሐረግ እንዲህ ሲሆን በመከር ጊዜ ቤተ ሰብን ይመግባል።