ጀልባችን ወደ ሐይቅ ሳይወርድ

(ለዓሣ አጥማጆች ማኅበር አባሎች የተደረገ ንግግር)



ክረምቱ ወጥቷል፤ ጀልባችንም ወደ ጣና የሚወርድበት ጊዜ ቀርቧል። ታዲያ ከመውረዱ በፊት ምን እናድርግ? ዛሬ የምንነጋገረው ስለዚህ ነው።

ገበሬ ዝናብ ሳይጥል ሞፈሩንና ቀንበሩን ያያል። ማረሻው ከደነዘ ያስላል። ሞተር ጀልባም እንዲሁ ነው። ልዩነቱ አንድ ነው። ማረሻ እርሻ መሐል ቢሰበር ሰው በእግሩ ወደ ቤቱ ይመለሳል። ሞተር ሐይቅ መሐል ቢቆምስ? በእግር የሚኬድበት መንገድ የለም። ጣና ርዝመቱ 84 ኪሎ ሜትር፣ ስፋቱም 66 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ነፋስ ሲነሣ ማዕበሉ ቶሎ ይነሣል። ስለዚህ ጥገና የገንዘብ ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ የነፍስ ጉዳይ ነው።

አባቶቻችን በደንገል ታንኳ ሠርተው ኖረዋል። ታንኳ ሲያረጅ ሌላ ደንገል ይታጨዳል። ሞተር ጀልባና የናይለን መረብ ለጣና አጥማጆች የገቡት ግን በ1978 ዓ.ም. ገደማ ነው። ሞተር እንደ ደንገል ከሐይቅ ዳር ታጭዶ አይተካም። ተጠብቆ መኖር አለበት።

በክረምት ነጭ ዓሣ ሊራባ ወደ ርብ፣ ወደ ጉማራና ወደ መገጭ ወንዞች ይወጣል። በዚያን ጊዜ በወንዝ አፍ ላይ መረብ መዘርጋት ዘሩን ማጥፋት ነው። ጀልባው በየብስ ቢያርፍ ለዓሣውም ለእኛም ይበጃል። ያረፈበት ጊዜ የጥገና ጊዜ ነው።

የእኛ ጀልባ ደግሞ ያገለገለ ነው። በሬ ስንገዛ ጥርሱን አይተን ዕድሜውን እናውቃለን። ሞተር ጥርስ የለውም። የቀድሞው ባለቤት ዘይቱን መቼ እንደለወጠ ማን ያውቃል? ስለዚህ ምንም እንዳልተሠራለት ቆጥረን ሁሉን ከመጀመሪያው እንይ።

መጀመሪያ አካሉን እንመልከት። ጀልባውን እጠቡት፤ ጭቃ ስንጥቅን ይሸፍናልና። ከዚያ ሁለት ሦስት ባልዲ ውሃ ውስጡ ጨምራችሁ ከሥር ተመልከቱ። ውሃ የሚያንጠባጥብበት ቦታ ካለ ምልክት አድርጉበትና አስደፍኑት። ሞተሩ የሚታሰርበትን የኋላ ሳንቃ በመዶሻ እጀታ ቀስ ብላችሁ ምቱት። ድምፁ እንደ ደረቅ እንጨት ከሆነ ደኅና ነው። የታፈነ ድምፅ ካሰማ ውስጡ በስብሶ ሊሆን ይችላልና አስመርምሩት። የውሃ ማፍሰሻውን ውታፍ አትርሱ። በየብስ ሳለ ክፍት ይሁን፤ ከመውረዱ በፊት ግን ይደፈን። ይህችን ትንሽ ውታፍ በመርሳት ብቻ ጀልባ ይሰጥማል።

አሁን ወደ ሞተሩ እንምጣ። የከረመውን ቤንዚን አውጡት። ቤንዚን ለወራት ሲቀመጥ ሙጫ የመሰለ ነገር ይተዋል፤ ቀጫጭኑን ቀዳዳ ይደፍናል። ሞተሩ ቤንዚንና ዘይት ተቀላቅሎ የሚጠጣ ከሆነ በግምት አትቀላቅሉ። ብዙዎቹ ለ50 እጅ ቤንዚን 1 እጅ ዘይት ይፈልጋሉ። ይኸውም ለ10 ሊትር ቤንዚን 200 ሚሊ ሊትር ዘይት ማለት ነው። ከቆዩት ሞተሮች መካከል የዚህን እጥፍ የሚፈልጉ አሉ። ስለዚህ በሞተሩ መጽሐፍ ላይ የተጻፈውን ቁጥር አንብቡ። ዘይቱ ካነሰ ሞተሩ ውስጡ ተፋጭቶ ይያዛል። ስትቀላቅሉም ደጅ ላይ፣ ከእሳትና ከሲጋራ ርቃችሁ ይሁን።

ካንዴላውን ፍቱና እዩት። ጥላሸት ከያዘ ጥረጉት፤ ጫፉ ከተበላ ለውጡት። አንድ ትርፍ ካንዴላ ከነመፍቻው ከጀልባው አይለይ።

ቀጥሎ የማርሹ ዘይት ነው። ከሥር ያለውን ብሎን ፍቱ፤ ከዚያ የላይኛውን። ዘይቱ እንደ ወተት ነጥቶ ከወጣ ውሃ ገብቶበታል ማለት ነው። ከየት ገባ? ውሃ የሚገፋውን ፕሮፔለር አውልቁና ዘንጉን እዩ። ብዙ ጊዜ የመረብ ክር ተጠምጥሞ ይገኛል። ክሩ ውሃ የሚከለክለውን ጎማ ይቆርጠዋል፤ ውሃም በዚያ ይገባል። ክሩን አውጡ፣ ጎማውን አስለውጡ። አዲሱን ዘይት የምትሞሉት ከታች ባለው ቀዳዳ ነው። በላይኛው ቀዳዳ ብቅ ሲል ሞልቷል ማለት ነው።

ሞተሩን ያለ ውሃ ፈጽሞ አታስነሡት። የሚያቀዘቅዘው የሐይቁ ውሃ ነው። ውሃውን የሚስበው ፓምፕ የጎማ ክንፎች አሉት፤ ደረቁን ሲሽከረከሩ ወዲያው ይቃጠላሉ። በርሜል ውሃ ሙሉና የሞተሩን እግር አግብታችሁ አስነሡት። ከጎኑ ውሃ እየተፈናጠረ መውጣት አለበት። ካልወጣ ቶሎ አጥፉት። ሐይቅ ላይም ይህችን ውሃ ተመልከቱ። ከ2004 ዓ.ም. ወዲህ ጣናን ያስቸገረው እምቦጭ የውሃ መግቢያውን ይደፍናል። እንዲህ ሲሆን ሞተሩን አጥፍታችሁ ከውሃ አንሡትና አጽዱት።

አንድ ነገር ልጨምር። ጣና ከባሕር ወለል 1,800 ሜትር ያህል ከፍ ያለ ነው። በከፍታ ቦታ አየሩ ስስ ስለሆነ ሞተሩ ከተጻፈበት ጉልበት ከስድስት እጅ አንዱን ያህል ያጣል። ስለዚህ በወረቀቱ ላይ ያለውን ቁጥር አይታችሁ ጭነት አታብዙበት።

ጀልባውን የሚሸከመውን ተሳቢ ደግሞ ብዙ ሰው ይረሳዋል። ጎማው እየቆመ ይሰነጠቃል፤ ዙሪያውን እዩት፣ ነፋሱንም አስለኩ። ተሳቢው እንዳይንሸራተት ድንጋይ አስደግፉና ጎማውን በክሪክ አንሥታችሁ አሽከርክሩት። የሚያጉረመርም ከሆነ ኩሽኔታው ግሪስ አጥቷል ወይም ዝጓል። አስፈትታችሁ በላምባ አሳጥቡት፤ ከደረቀ በኋላ ግሪስ አስሞሉት። ዳዶዎቹን አጥብቁ። የመጎተቻውን መንጠቆና ሰንሰለት ፈትሹ። ሐይቅ ዳር ስትደርሱ ወዲያው ውሃ ውስጥ አታግቡት። ሲሄድ የጋለ ኩሽኔታ ቀዝቃዛ ውሃ ሲያገኘው ውሃውን ወደ ውስጥ ይስባል። ጥቂት ይረፍ። ስትወጡም ከጀልባውና ከተሳቢው ላይ እምቦጩን ለቅማችሁ በየብስ ጣሉት። አለዚያ ወደ ሌላ ዳርቻ እኛው እናዛምተዋለን።

የመጨረሻው ሥራ በቺያቬና በመዶሻ የሚሠራ አይደለም፤ በእርሳስ ነው። አንድ ደብተር ለጀልባው ግዙ። እንዲህ ብላችሁ ጻፉበት፦ «መስከረም 20፤ የማርሽ ዘይት ተለወጠ። ነጭ አልነበረም። ካንዴላ ተጠረገ።» የሠራው ሰው ይፈርም። ማኅበር ሲሆን ሞተር በተበላሸ ቁጥር «አንተ ነህ፣ አንቺ ነሽ» ይባላል፤ ጠቡ ከሞተሩ በላይ ያከስራል። ደብተሩ ግን ለማንም አያዳላም። ጀልባው ወደ እኛ ሲመጣ ታሪኩን የጻፈለት አልነበረም። ዛሬ መጻፍና ማንበብ እንችላለን፤ ከእንግዲህ ታሪኩ አይጥፋ።

ደግሞም ሁሉን ጨርሳችሁ ስትወርዱ መቅዘፊያና ገመድ፣ ለእያንዳንዱ ሰውም የመንሳፈፊያ ሰደርያ ያዙ። የተጠገነ ሞተርም ሊቆም ይችላልና።

ሥራችሁ ይቃና፤ በሰላም ወርዳችሁ በሰላም ተመለሱ።