የዳይኖሰር መንጋጋና የመሐንዲስ ቁጥር

(በማኅበራችን ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)




ስለ ድልድይና ስለ ግድብ በሚመከርበት አዳራሽ ስለ ዳይኖሰር ንክሻ ለመናገር መነሣቴ አንዳንዶቻችሁን ሳያስገርም አይቀርም። ይሁን እንጂ ጉዳዩ ከሞያችን የራቀ አይደለም። መንጋጋ ማለት በማጠፊያ ላይ የሚዞር፣ በጡንቻ የሚሳብ ዘንግ ነው። ሽምብራ ቆሎ የሚቆረጥም ሰው ፍሬውን ወደ ኋለኛው ጥርሱ የሚገፋው፣ ለማጠፊያው በቀረበ መጠን ኀይሉ እንደሚበረታ ከልምድ ስለሚያውቅ ነው። ችግሩ የዳይኖሰሮቹ ጡንቻ ከጠፋ ቢያንስ 66 ሚሊዮን ዓመት ማለፉ ነው፤ የቀረልን አጥንቱ ብቻ ነው። ታዲያ የሌለን ሞተር ጕልበት በምን እንለካለን?

የመጀመሪያው መንገድ ፈተና ነው። እ.ኤ.አ. በ1996 ግሪጎሪ ኤሪክሰንና ባልደረቦቹ ቲራኖሶረስ ሬክስ የነከሰውን የትራይሴራቶፕስ ዳሌ አጥንት መረመሩ። አጥንቱ ላይ 11.5 ሚሊሜትር ጥልቀት ያለው የጥርስ ጉድጓድ ነበረ። በጥርሱ አምሳል ከብረታ ብረት ቅይጥ ጥርስ ሠርተው፣ ያንኑ ጥልቀት እስኪያገኙ ድረስ በከብት ዳሌ አጥንት ላይ በመሣሪያ ተጫኑት። ፈተናው 6,410 ኒውተን ሰጠ፤ ወደ ኋለኞቹ ጥርሶች ሲሰላ እስከ 13,400 ደረሰ፤ ይህም የ13 ኩንታል ተኩል ያህል ክብደት ነው።

ሁለተኛው መንገድ ስሌት ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 ካርል ቤትስና ፒተር ፎኪንግሃም የዚሁኑ እንስሳ ጡንቻዎች በኮምፒዩተር ቀርጸው በአንድ የኋላ ጥርስ ላይ ከ35,000 እስከ 57,000 ኒውተን አገኙ። እ.ኤ.አ. በ2017 ደግሞ ፖል ጊግናክና ኤሪክሰን የአዞንና የወፍን ጡንቻ መነሻ አድርገው ከ8,526 እስከ 34,522 አሰሉ። ለማነጻጸር ያህል፣ በሕይወት ካለ የባሕር አዞ በመሣሪያ የተለካው 16,414 ኒውተን ነው።

እንግዲህ ትክክለኛው የትኛው ነው? እኔ እንደምረዳው ጥያቄዎቹ አንድ አልነበሩም። የአጥንቱ ጉድጓድ የሚነግረን እንስሳው በዚያች ንክሻ የተጠቀመበትን ኀይል እንጂ የጕልበቱን ጣሪያ አይደለም። አንድ ድልድይ ላይ አንድ የጭነት መኪና ስላለፈ ድልድዩ ከዚያ በላይ አይችልም አይባልም። ስሌቶቹም የሚለያዩት የጡንቻው ውፍረትና ርዝመት፣ የእንስሳው መጠንና የጥርሱ ቦታ በተለያየ ግምት ስለተያዙ ነው።

ከዚህ ይልቅ የሚያስደንቀው አሎሶረስ ነው። እ.ኤ.አ. በ2001 ኤሚሊ ሬይፊልድና ባልደረቦቿ የራስ ቅሉን፣ እኛ ሕንጻ በምናሰላበት ዘዴ፣ በጥቃቅን ክፍሎች ከፋፍለው መረመሩት። የንክሻው ኀይል ከ805 እስከ 2,148 ኒውተን ብቻ ሆነ፤ የራስ ቅሉ ግን 55,000 ኒውተን ያህል መሸከም ይችል ነበር። መንጋጋው ለማይሰጠው ኀይል ይህ ሁሉ አጥንት ለምን አስፈለገ? ተመራማሪዎቹ፣ እንስሳው አንገቱን ተጠቅሞ የላይኛውን መንጋጋ እንደ መጥረቢያ ያሳርፍ ነበር የሚል ሐሳብ አቀረቡ። ሐሳቡ አከራካሪ ቢሆንም፣ የሚገፋው ኀይልና የተሸካሚው ብርታት ሁለት የተለያዩ ቁጥሮች መሆናቸውን ያስተምራል።

ይህን ትምህርት እኔ የተማርኩት ከዳይኖሰር አልነበረም። ሥራ በጀመርኩበት ዘመን የአንድ መጋዘን ወለል የሚችለው ጭነት በአንድ ቁጥር ተጽፎ ተሰጠኝ። ቁጥሩ የተሰላው እኩል ለተነጠፈ ጭነት መሆኑ አልተጻፈበትም፤ እኔም አልጠየቅኩም። አንድ ከባድ ማሽን በአራት ቀጫጭን እግሮቹ ሲቆምበት ወለሉ ተሰነጠቀ። ክብደቱ ከተፈቀደው በታች ነበር፤ ወለሉን የጎዳው ክብደቱ በአራት ነጥቦች ላይ መጠራቀሙ ነው። ቲራኖሶረስም አጥንት ያደቅቅ የነበረው በኒውተኑ ብዛት ብቻ ሳይሆን ያ ኀይል በጥርሱ ጫፍ ላይ ስለሚጠራቀም ነው። በሰው ላይ ጉዳት አልደረሰም፤ ዳሩ ግን ያን ስንጥቅ እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።

ክቡራትና ክቡራን፣

የቅሪተ አካል ተመራማሪ ቢሳሳት የሚወድቅበት ጣሪያ የለም። እንዲያም ሆኖ ቁጥሩን ከነግምቱ፣ ከታችኛውና ከላይኛው ወሰኑ ጋር ያቀርባል። የእኛ ቁጥር ግን ከበታቹ ሰው ይኖርበታል። ስለዚህ በንድፋችን ላይ ቁጥር ስንጽፍ ከምን እንደተነሣና ለምን ዐይነት ጭነት እንደሚያገለግል ከጎኑ እንጻፍ፤ ተጽፎ ካላገኘንም ሳናፍር እንጠይቅ።