አሮጌውን ግራሞፎን በቤት ስለ ማደስና ስለ ማስተካከል

(በራዲዮ ከተሰጠ ንግግር የተወሰደ)



ከአባት ወይም ከአያት የተወረሰ ባለ እጀታ ግራሞፎን በየሳሎኑ ጥግና በየዕቃ ቤቱ አቧራ ለብሶ ይገኛል። ባለቤቱ ሊያድሰው ባሰበ ጊዜ አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው ሣጥኑን በቫርኒሽ በማሳመር ነው። እኔ ግን ዛሬ የማሳስባችሁ ከሣጥኑ አስቀድማችሁ ስለ ሸክላው እንድታስቡ ነው። የመኪናው መልክ ቢያረጅ ጉዳቱ ትንሽ ነው። ባልተስተካከለ መኪና ላይ የሚዞር ሸክላ ግን በተጫወተ ቁጥር ድምፁ ይፋቃል፤ አንዴ የተፋቀውም ተመልሶ አይገኝም።

ቶማስ ኤዲሰን የሰውን ድምፅ ቀርጾ መልሶ ያሰማው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1877 ዓ.ም. ነበር። ኤሚል በርሊነርም ከ10 ዓመት በኋላ ጠፍጣፋ ሳሕን የሚያጫውተውን ግራሞፎን አወጣ። ይህ ጥበብ ለአገራችንም እንግዳ አይደለም። ንግሥት ቪክቶሪያ በ1898 ዓ.ም. ለዳግማዊ አፄ ምኒልክና ለእቴጌ ጣይቱ መልእክታቸውን በድምፅ ቀርጸው ልከዋል፤ መልሱም እንደዚሁ በድምፅ ተቀርጾ ተልኮላቸዋል። ነጋድራስ ተሰማ እሸቴም በጀርመን አገር ሳሉ ዜማቸውን በሸክላ አስቀርጸዋል። እንግዲህ በየቤታችሁ ካሉት አሮጌ ሸክላዎች አንዱ ሌላ ቅጂ የሌለው ሊሆን እንደሚችል አስቡ።

አሁን ወደ ሥራው እንለፍ። መኪናውን ከመፍታታችሁ በፊት ፍሬኑን ለቃችሁ፣ ሳሕኑ በራሱ እስኪቆም ድረስ ይዙር። ይህን የምላችሁ በከበሮ መሰል ቤት ውስጥ የተጠቀለለው ሞላ ብዙ ሜትር የሚረዝም የብረት ጥብጣብ ስለ ሆነ ነው። ኃይሉ ያለቀ ቢመስልም ከቤቱ ቢያመልጥ እጅ ይቆርጣል፤ ዓይንም ያጠፋል። ስለዚህ ሞላው የተሰበረ እንደ ሆነ፣ ወይም ሲዞር እየዘለለ የሚጓጓ እንደ ሆነ፣ ያን ክፍል ለልምድ ያለው ባለሙያ ስጡት። የቀረውን ግን በትዕግሥት ራሳችሁ ልትሠሩት ትችላላችሁ።

በጥርሶቹ ላይ የደረቀውን አሮጌ ግራሶ በላምባ በራሰ ጨርቅና ብሩሽ ጥረጉ፤ በአጠገባችሁ እሳት አይኑር፤ መስኮቱም ይከፈት። ከደረቀ በኋላ ለጥርሶቹ አዲስ ግራሶ፣ ለሚሽከረከሩት ዘንጎች የስፌት መኪና ዘይት ጥቂት ጠብታ በቂ ነው።

ፍጥነቱን የሚገዛው ክፍል ልዩ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ዘንጉ ሲዞር፣ በቀጫጭን የብረት ልሳኖች የተያዙት ትንንሽ ክብደቶች ወደ ውጭ ይዘረጋሉ፤ ሲዘረጉም አንዲት ክብ ብረት ስበው ከለስላሳ መፈግፈጊያ ጋር ያገናኟታል፤ ፍጥነቱ የሚገታው በዚህ ነው። መፈግፈጊያው ከደረቀ ይንጫጫል፤ ጥቂት ዘይት ይበቃዋል። ልሳኖቹን ግን እንዳታጣምሙ ተጠንቀቁ። ፍጥነቱን ለመመርመር ከሸክላው ጠርዝ ሥር ቁራጭ ወረቀት አስገብታችሁ፣ መርፌው ሸክላው ላይ ሳለ፣ በሰዓት አንድ ደቂቃ ቁጠሩ። ወረቀቱ 78 ጊዜ ሲያልፍ ልክ ነው። ከ1925 ዓ.ም. በፊት ከተቀዱት ብዙዎቹ ከዚህ ቁጥር ጥቂት ዝቅ ወይም ከፍ ይላሉና፣ እነዚህን በዘፋኙ ድምፅ መዝኑ።

ቀጥሎ መርፌው የሚገባበትን የድምፅ ቤት ተመልከቱ። በውስጡ ከሚካ ወይም ከአሉሚኒየም የተሠራ ቀጭን ገበታ አለ፤ ዙሪያውንም የያዘው ጎማ በዕድሜ ብዛት ድንጋይ ይሆናል። ድምፁ የሚንጣጣው ብዙውን ጊዜ በዚህ ምክንያት ነው። ጎማውን በለስላሳ ቀጭን የጎማ ቱቦ ለውጡ፤ ብሎኖቹንም አለቅጥ አታጥብቁ። የመርፌው ዘንግ ከገበታው ጋር የሚገናኝበትን ቦታ በጠብታ የንብ ሰም መድፈን ይገባል።

አድማጮቼ፣ ከሁሉ በላይ የማስጠነቅቃችሁ ስለ መርፌው ነው። ሸክላው የተሠራው ከሙጫና ከተፈጨ ድንጋይ ነው። ይህ ድንጋይ የብረቱን መርፌ ሞርዶ ከቦዩ ጋር እንዲገጥም ያደርገዋል፤ አንድ ፊት ተጫውቶ ሲያልቅ ግን መርፌው ስለት አውጥቶ እንደ መሮ ይቆርጣል። የድምፅ ቤቱም ከመቶ ግራም በላይ ይጫነዋል። ስለዚህ መርፌውን በየአንዱ ፊት ለውጡ፤ የተሠራበትንም መልሳችሁ አትጠቀሙ። በ33 እና በ45 ዙር የሚጫወቱትን የፕላስቲክ ሸክላዎች በዚህ መኪና ላይ ከቶ አታስቀምጡ፤ ባንድ ጊዜ ይበላሻሉ።

ሸክላውን ለማጽዳት በንጹሕ ውኃ የራሰ ለስላሳ ጨርቅ ይበቃል። አልኮል ሙጫውን ስለሚያሟሟ አይነካው። ከፀሐይ አርቃችሁም አቁማችሁ አስቀምጡት።

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንዲሉ፣ የቅዳሜን ከሰዓት በኋላ ለአንዱ ክፍል ብቻ ብትሰጡት ሥራው ያምራል። የመርፌ ዋጋ ትንሽ ነው፤ ለመርፌ ተሰስቶ የጠፋ የአያት ድምፅ ግን በገንዘብ አይመለስም።