ሐዲዱና የእጅ ጥበቡ

ባዕድ ጥበብ በአንድ አገር እንዴት ሥር እንደሚሰድ ለመረዳት ለሚሻ ሰው፣ ከድሬዳዋ የምድር ባቡር የጥገና ወርክሾፕ የሚበልጥ ምስክር ያለ አይመስለኝም።

ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. ለስዊሱ መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ የፈቀዱት የባቡር መንገድ፣ ከጅቡቲ ተነሥቶ ሐረር እንዲገባ ታስቦ ሳለ፣ የተራራው አቀበት ስለ ከለከለው በ1895 ዓ.ም. ከተራራው ሥር በቆላው ዐረፈ፤ በዚያም አስቀድሞ አዲስ ሐረር የተባለችው ድሬዳዋ ተቆረቆረች። ሐዲዱ አዲስ አበባ የደረሰው በ1909 ዓ.ም. ነውና፣ እስከዚያው ጭነቱ ከፉርጎ ወርዶ በግመልና በበቅሎ ይጓዝ ነበር።

ሎኮሞቲቭ በተሰበረ ጊዜ ግን ከፈረንሳይ መለዋወጫ እስኪመጣ መጠበቅ የማይቻል ስለ ሆነ፣ ብረቱን እዚያው በድሬዳዋው ወርክሾፕ ማቅለጥና መቅረጽ ግድ ሆነ። በቶርኖ ላይ የታሰረው ብረት ሲዞር፣ ቅንጣቢው ተጠቅልሎ ሲወርድ፣ ለማጁ ስለቱ ከልክ በላይ መንከሱን በድምፁ ይለያል፤ ይህንንም ዕውቀት፣ ዜማን ከየኔታው አፍ እንደሚቀበል ደቀ መዝሙር፣ ከመምህሩ አጠገብ ቆሞ እየደጋገመ ተቀበለው እንጂ ከመጽሐፍ አላገኘውም። ሠራተኛው ወደ ሌላ ሥራ በሄደ ጊዜም ጥበቡ አብሮት ሄደ፤ ማሽኑ ግን ከቦታው አልተነቃነቀም።

በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ የአዲስ አበባ–ጅቡቲ የኤሌክትሪክ ባቡርም በመጀመሪያዎቹ ዓመታት በቻይናውያን ባለሙያዎች ሲመራ ቆይቷል። እኔ አጥብቄ የምጠይቀው፣ ልጆቻችን ከመንዳት አልፈው ሞተሩን ፈትተው እንዲገጥሙ ምን ያህል ጊዜ እንደ ተሰጣቸው ነው።