የፖስተር ሠዓሊ እንጀራ

(በማኅበራችን የውይይት ምሽት የተደረገ ንግግር)



የዛሬው ምሽት ርእስ ሥነ ጥበብ ነው ተብሎ ተነግሮናል። እኛ የማስታወቂያ ሰሌዳውን የምንይዝ ልጆች ግን በሙዚየም ስለ ተሰቀለው ሥዕል መናገር ትተን፥ በስልክ እንጨት ላይ በሙጫ ስለሚለጠፈው፥ ዝናብ ስለሚመታውና በማግሥቱ ሌላ ወረቀት ስለሚደረብበት ሥዕል ልንናገር መርጠናል። ይኸውም በአሜሪካን አገር ለሮክ ሙዚቃ ምሽት የሚሠራው ፖስተርና የሠሪው ኑሮ ነው። ዓመቶቹን ሁሉ የምንጠራው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።

የዚህ ዓይነቱ ሠዓሊ «ሎውብራው» ይባላል። ቃሉ በእንግሊዝኛ ንቀት ያለበት ነው፤ ጣዕሙ ያልተጣራ፥ ተራ ነገር የሚወድ ሰው ማለት ነው። ሮበርት ዊልያምስ የተባለው ሠዓሊ ይህን የንቀት ቃል አንሥቶ የገዛ ሥዕሎቹ መጽሐፍ ርእስ ካደረገው ወዲህ ግን እንደ ማዕርግ ስም ተቈጠረ። ዊልያምስ በወጣትነቱ መኪና እያስጌጠ በሚታወቀው በኤድ ሮዝ ዘንድ የማስታወቂያ ሥዕል ይሠራ ነበር። ስታንሊ ማውስም ቢሆን ከሙዚቃ ፖስተር በፊት እጁን ያሟሸው በመኪና ቀለምና በካናቴራ ላይ ነው። እንግዲህ ጥበቡ የወጣው ከጋራዥ ነው ብንል አልተሳሳትንም።

በ1966 በሳን ፍራንሲስኮ ከተማ ሁለት ትልልቅ የሙዚቃ አዳራሾች ነበሩ፤ አንዱ ፊልሞር፥ ሁለተኛው አቫሎን። በየሳምንቱ መጨረሻ ሙዚቃ አለ፤ ስለዚህ በየሳምንቱ አዲስ ፖስተር መውጣት አለበት። ሠዓሊው ማን እንደሚዘፍን ከተነገረው በኋላ ያለው ጊዜ ጥቂት ቀን ነው። «ዛሬ መንፈሱ አልመጣልኝም» ማለት አይቻልም፤ የማተሚያው መኪና አይጠብቅም፤ ከቅዳሜ በኋላ የሚደርስ የቅዳሜ ፖስተር ደግሞ ለምንም አይረባ።

በዚያ ዓመት የፊልሞርን ፖስተር ይሥል የነበረው ዌስ ዊልሰን ነው። ዊልሰን ማተሚያ ቤት ውስጥ የሠራ ሰው ስለ ነበረ ቀለሙ ከመኪናው እንዴት ሆኖ እንደሚወጣ አስቀድሞ ያውቀዋል፤ ይህ ከፍ ካለ የሥዕል ትምህርት ይልቅ ጠቅሞታል ብለን እናምናለን። በ1965 በበርክሌይ ዩኒቨርሲቲ ለተደረገ የጀርመን ፖስተሮች ትርኢት የታተመውን መጽሐፍ ሲያገላብጥ የቪየናውን ሠዓሊ የአልፍሬድ ሮለርን ፊደል አየ። ከዚያ ወዲያ ፊደሎቹን እንደ ቀለጠ ሰም እያጠማዘዘ ባዶ ቦታ እስኪጠፋ ድረስ ሞላቸው። አላፊ አግዳሚው ቆሞ ካላፈጠጠ በቀር የሙዚቀኞቹን ስም ማንበብ አይችልም። ማስታወቂያ ከሩቅ ይነበብ በሚለው ሕግ ይህ ጉድለት ነው፤ ነገር ግን ለማንበብ የደከመበትን ስም ሰው ቶሎ አይረሳውም።

ቪክቶር ሞስኮሶ ደግሞ የመጣው በተቃራኒው መንገድ ነው። በስፔን ተወልዶ በአሜሪካ ያደገ፥ በየል ዩኒቨርሲቲ ስለ ቀለም ባሕርይ ከታላቁ መምህር ከጆሴፍ አልበርስ የተማረ ሰው ነው። ኃይላቸው እኩል የሆነ፥ ጠባያቸው ግን የማይስማማ ሁለት ቀለሞች ጎን ለጎን ሲቀመጡ ወሰናቸው ላይ ዓይን ይንቀጠቀጣል። ይህን አታድርጉ ተብሎ የተማረውን እርሱ ሆን ብሎ አደረገው። ለማፍረስም መጀመሪያ ሕጉን ማወቅ ያስፈልጋል ለምትሉ የሥነ ጥበብ ተማሪዎች ይህ ጥሩ ምስክር ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንግባ፤ እርሱም ገንዘቡ ነው።

ፖስተሮቹ ገና ከመለጠፋቸው ሰው እየነቀለ ወደ ቤቱ ይወስዳቸው ጀመር። የሚሰረቅ ማስታወቂያ የሚሸጥ ዕቃ መሆኑን ለመረዳት ብዙ ብልኅነት አይጠይቅም፤ ከዚያ በኋላ ፖስተር በሱቅ ይሸጥ ገባ። በሐምሌ 1967 ዊልሰን፥ ሞስኮሶ፥ ማውስ፥ አልተን ኬሊና ሪክ ግሪፊን አምስቱ በአንድ ጋለሪ አብረው ትርኢት አሳዩ፤ ላይፍ የተባለው መጽሔትም በዚያው ዓመት በመስከረም 1 ቀን እትሙ የፖስተርን ነገር በሽፋኑ አወጣ። ታዲያ ሥራው ለአንድ ሌሊት ማስታወቂያ ተብሎ በቁርጥ ዋጋ የተከፈለበት ሠዓሊ፥ ሥራው ለዓመታት ሲሸጥ ምን ያገኛል?

ዊልሰንና የፊልሞሩ አዘጋጅ ቢል ግራም የተለያዩት በዚሁ ነው። ዊልሰን በግንቦት 1967 የመጨረሻውን ፖስተር ሲያስረክብ በጥርሱ መካከል የዶላር ምልክት የያዘ እባብ ሥሎ ሰጠ። ልብ በሉ፤ ግራምም ያንኑ አሳተመው። ለሁለቱም የሚገባ ክብር አለ እንላለን።

ሞስኮሶ ግን እባብ መሣል አላስፈለገውም። በዚያው ዘመን ኒዮን ሮዝ የሚል የራሱን ተከታታይ ሥራ አቋቁሞ፥ ማትሪክስ ለሚባል ትንሽ የሙዚቃ ቤት ፖስተር ሠራ። የማሳተሚያውን ወጪ ራሱ ቻለ፤ ለቤቱ የሚለጠፈውን ሰጥቶ የቀረውን ራሱ ሸጠ፤ መብቱም በእጁ ቀረ። እንግዲህ በሁለቱ ሠዓሊዎች መካከል የነበረው ልዩነት በብሩሽ አልነበረም፤ የማተሚያ ቤቱን ሂሳብ ማን ከፈለ በሚለው ነው።

ስለ ባለቤትነት ካነሣን ደግሞ ሌላውንም ሳንሸሽግ እንናገር። ማውስና ኬሊ በ1966 ግሬትፉል ዴድ ለተባሉት ሙዚቀኞች የሠሩት ጽጌረዳ የደፋው አጽም በዓለም የታወቀ ነው፤ ሥዕሉ ግን ኤድመንድ ሰለቫን የተባለ እንግሊዛዊ ለዑመር ኻያም ግጥም መጽሐፍ ከሣለው የተወሰደ ነው። ያገኙት በከተማው ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ሲሆን ሰለቫን በ1933 ሞቷል። ቀለሙንና ፊደሉን የጨመሩት እነርሱ ናቸው፤ አጥንቱ ግን የሌላ ነው። ተበደልን የሚል ሠዓሊ ይህንንም ማስታወስ አለበት።

ከእነርሱ በኋላ የመጣው ፍራንክ ኮዚክ፥ በ2023 ያረፈው፥ በ1980ዎቹ በቴክሳስ በኦስቲን ከተማ የጀመረው በጥቁርና ነጭ በሚባዛ ትንሽ ወረቀት ነው። ኋላ ወደ ስክሪን ኅትመት ገባ። ይህ ሥራ እንዴት እንደሆነ በዝርዝር ልንነግራችሁ እንወዳለን፤ የድካሙ ልክ የሚታወቀው እዚህ ነውና። በእንጨት ፍሬም ላይ እንደ ወንፊት ያለ ቀጭን ጨርቅ ይወጠራል፤ ብርሃን ሲያገኘው የሚጠነክር ፈሳሽ ይቀባል፤ ሥዕሉ በጥቁር የተሣለበት ግልጽ ወረቀት ይደረብበትና ለመብራት ይሰጣል። ጥቁሩ የከለለው ቦታ ስለማይጠነክር በውኃ ይታጠባል፤ ቀለምም በዚያ ያልፋል። ከዚያ በጎማ መጥረጊያ ቀለሙን መሳብ ነው። ለእያንዳንዱ ቀለም ሌላ ስክሪን ያስፈልጋል። አምስት ቀለም ያለው ፖስተር በ200 ቅጂ ቢታተም ክንድ 1,000 ጊዜ ይሳባል ማለት ነው፤ አንዱ ቀለም በጥቂቱ ቢዛነፍ ወረቀቱ ተበላሸ።

የዛሬዎቹ ሠዓሊዎች ከሞስኮሶ የተማሩ ይመስላል። ብዙዎቹ ከሙዚቀኞቹ ጋር ሲዋዋሉ ከሚከፈላቸው ዋጋ ሌላ የተወሰነ ቅጂ ለራሳቸው ይይዛሉ፤ ፈርመው፥ ቁጥር ሰጥተው ይሸጡታል። ከ2002 ጀምሮም ፍላትስቶክ በሚባለው ገበያ ተሰብስበው ሥራቸውን ከገዢው ጋር ፊት ለፊት ይሸጣሉ። አብዛኛው ሠዓሊ በዚህ አይከብርም፤ ሌላ ሥራ ደርቦ የሚኖር ብዙ ነው። ግን ስሙ በወረቀቱ ጥግ ላይ አለ።

ይህን ሁሉ ያነሣነው ያለ ምክንያት አይደለም። አሁን በእጃችሁ ያለው ጋዜጣ የሚባዛበት ስቴንስል የዚያ ስክሪን የቅርብ ዘመድ ነው፤ የታይፑ ፊደል ሰሙን ይበሳዋል፥ ቀለሙም በቀዳዳው ያልፋል። ለሙዚቃ ምሽትና ለቴአትር የሚለጠፈውንም ሥዕል ከመካከላችን ያሉ ልጆች ሌሊት እየተቀመጡ በነጻ ይሠሩታል። ባለፈው ዓመት አንዲት እኅታችን ለአንድ ክበብ የሣለችው ሥዕል በካናቴራ ላይ ታትሞ ሲሸጥ አይተናል። ስሟ አልነበረበትም፤ እንኳን ድርሻ ሊሰጣት አንድ ካናቴራም የሰጣት የለም። ሲጠየቁም «ለማኅበር የተሠራ የማኅበር ነው» አሉ። ቢል ግራም እንኳ እባቡን አሳትሟል።

ስለዚህ የምንጠይቀው ይህ ነው፤ በማኅበሩ ስም በሚወጣ ፖስተር ሁሉ ላይ የሣለው ሰው ስም ይጻፍ፤ ዋናው ሥዕል ከኅትመት በኋላ ለሠሪው ይመለስ፤ የቀለምና የወረቀት ወጪ ከሣዩ ኪስ ሳይሆን ከማኅበሩ ሣጥን ይውጣ። ሥዕሉ በማናቸውም ዕቃ ላይ ታትሞ የሚሸጥ ከሆነ አስቀድሞ ሠሪው ይጠየቅ፤ ድርሻውም ሽያጩ ከመጀመሩ በፊት በጽሑፍ ይወሰን። ድርሻው ስንት ይሁን የሚለውን ጉባኤው ይከራከርበት። እኛ ከ20 በመቶ በታች የሚል ሐሳብ ከመጣ የምንቃወም መሆናችንን ከወዲሁ እናስታውቃለን፤ ይህም በቃለ ጉባኤው እንዲጻፍልን ጸሓፊውን እንለምናለን።